ሞቶ የማይተኛ መልክ ቀያሪ ጭራቅ አሰራር፣ በመጀመሪያው ሴሽን እንዳይጋለጥባችሁ

ደሴም ኮምቦልቻም የጠረጴዛ ጌም፣ አንዱ ሚተርክበት ሌሎቹ ካራክተር ሆነው ሚጫወቱበትን፣ ምታጫውቱ ልጆች ስታገኙኝ ምትነግሩኝ ነገር አንድ ነው። ሞቶ የተነሳ፣ የሰው መልክ እየለበሰ ሚዞር ጭራቅ ሰርታችሁ፣ ሁለት ሳምንት ለፍታችሁበት፣ ወይ በግማሽ ሰዓት ይጋለጥባችኋል ወይ ደግሞ ማንም ሳይጠረጥረው ሶስት ሴሽን (ሶስት ቀጠሮ ጨዋታ) ያልፍና መጨረሻ ላይ ራሱን ሲገልጥ ፕሌየሮቹ ይናደዳሉ፣ ምክንያቱም ሊያውቁበት ሚችሉበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱም ከአንድ ስህተት ነው ሚመጡት፣ ጭራቁን ከሚችለው ነገር ጀምራችሁ ነው ምትሰሩት። ከማይችለው ጀምሩ።

እዚህ አንድ ጭራቅ ከባዶ ወረቀት እስከ ጠረጴዛ አብረን እንሰራለን። ስሙ «ያልተረዳ» ነው። ቁጥሮቹ በዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 5ኛ እትም፣ በፈረንጆቹ 2014 ህግ፣ ለአራት ሰው ሌቭል 4 (የካራክተሮቹ የጥንካሬ እርከን) ቡድን የወጡ ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሶስት ነገር አዘጋጁ።

አንደኛ፣ የፕሌየሮቻችሁን ካራክተር ሺት (የካራክተሩ ችሎታና ቁጥር ሚጻፍበትን ወረቀት) በፎቶ አስልካችሁ ያዙ። ያለሱ ደረጃ 5ን መስራት አትችሉም።

ሁለተኛ፣ ባለ መስመር ደብተር። በስልክ አትጻፉት፣ መብራት ሲጠፋ ስልኩ ለባትሪ ነው ሚፈለገው። ባለ 20 ጎን ዳይስ ከሌላችሁ ከ1 እስከ 20 ቁጥር የጻፋችሁባቸውን ቁራጭ ወረቀቶች ስኒ ውስጥ ከታችሁ አውጡ፣ ግን ያወጣችሁትን ሁሌ መልሱ፣ ካልመለሳችሁ እድሉ ይዛባል።

ሶስተኛው ዋናው ነው። ይሄ ጭራቅ ስለ ሞትና ስለ መርዶ ነው። እኛ ከተማ በቅርብ አመታት ካየነው ነገር በኋላ ሰው ጠፍቶበት እስካሁን ወሬውን ሚጠብቅ ቤት አለ፣ ጓደኛችሁ ደግሞ ላይነግራችሁ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፕሌየር ለብቻው፣ ሰው ሳይሰማ፣ «ታሪኩ ላይ ለቅሶና መርዶ አለ፣ ይከብድሃል?» በሉት። አንድ ሰው እንኳን ካመነታ መርዶውን አውጡትና ሟቹን ያልተመለሰ ብድር ያለበት ነጋዴ አርጉት፣ ቀሪው አሰራር እንዳለ ይሰራል። ማን እንዳመነታ ለሌሎቹ አትንገሩ።

ደረጃ 1፦ አሟሟቱን በሶስት መስመር ጻፉ

ማን ነበር፣ የት ሞተ፣ ማን እየጠበቀው ነው። ከሶስት መስመር በላይ አትሂዱ።

የኛ ይሄን ይመስላል። በቅሎ ነጂ ነው፣ ጨው ጭኖ ከቆላ ሲመጣ ከተማው ሊደርስ ሁለት ጠመዝማዛ ሲቀረው ጉም ውስጥ ገደል ገባ። ሬሳውን ያየ የለም። ቤቱ ውስጥ ግን ማታ ማታ ቡና ሲፈላ አሁንም የሱ ስኒ ይቀዳል።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስትወጡ ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ታውቁታላችሁ አይደል፣ ሹፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ እየተሳበ፣ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ዝም ሲል። ቦታውን እሱን አርጉት። ከተማውንም ጦሳ ስር እንዳለችው ደሴ ከተራራ ስር አስቀምጡትና ስሙን ቀይሩ። ያያችሁትን ቦታ ስትተርኩ አትንተባተቡም።

አሁን ለምን ተነሳ? ቤተሰቡ ስላልተረዳ። እኛጋ ሰው ሲሞት ሽማግሌ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ ሄዶ መርዶ ያረዳል፣ ለዚህ ሰውዬ ግን ያን ያደረገለት የለም። ቤቱም አልተረዳ፣ እሱም አልተረዳ። መሞቱን አያውቅም። ይሄን መስመር አስምሩበት፣ ቀሪው ሁሉ ከሱ ነው ሚወጣው።

ማስጠንቀቂያ፦ ጅብ ሚሆን ጭራቅ ለመስራት ትፈተናላችሁ፣ አትስሩት። ማታ ጅብ ይሆናሉ ሚባለው ወሬ ቀጥቃጭና ሸክላ ሰሪ ላይ ሲለጠፍ የኖረ ነው፣ በሱ የተነሳ ሰው ከሰው ሳይጋባና አብሮ ሳይበላ ቀርቷል፣ ልጆቻቸውም ዛሬ አብረውን አሉ። ጠረጴዛችሁ ላይ የዛ ቤት ልጅ ሊቀመጥ ይችላል። ሟቹን የአንድ እምነት ሰውም አታርጉት፣ ወሎ ነው ያለነው፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም አለ።

ደረጃ 2፦ ማይችለውን ጻፉ

ሶስት ክልከላ ይበቃል፣ ሶስቱም ከአሟሟቱ ይምጡ።

1. ሰውየው በገዛ እጁ ቡና ካልቀዳለት መልኩን መውሰድ አይችልም።
2. ጎህ ሲቀድ የማንንም መልክ ቢለብስ ለጥቂት ደቂቃ የራሱ ፊት ይመለስበታል።
3. የራሱን ቤት ደፍ መሻገር አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ እዛ ሰፈር ይዞራል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ ይመለሳል።

ሚፈልገውም ከሶስተኛው ነው ሚወጣው፣ ቤቱ መግባት ነው ሚፈልገው። በራሱ መልክ ስላልተሳካለት እዛ ቤት እንግድነት ሚቀበሉትን ሰዎች መልክ እየወሰደ ይሞክራል፣ ጎረቤት፣ የእድር ዳኛ፣ አክስት። ከተማው ላይ ሰው እየጠፋ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ከተበላሸ፦ ክልከላዎቹን ጽፋችሁ ጨርሳችሁ «ታዲያ ምኑ ያስፈራል» ካላችሁ አትቸኩሉ፣ ደረጃ 3 ላይ ይመጣል። አንዱንም እንዳትሰርዙ።

ደረጃ 3፦ መልክ አወሳሰዱን በሶስት ስኒ ከፋፍሉ

መልክ መቀየር በአንድ አክሽን (በአንድ ተራ ሚሰራ ድርጊት) ካለቀ ፕሌየሮቹ ሚያቋርጡት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ሰዓት ይፍጅ። ያልተረዳው ሚወስደው ቡና ላይ ተቀምጦ ነው።

አቦል ሲጠጣ ድምጽ ይወስዳል።
ቶና ሲጠጣ ፊትና ቁመና ይወስዳል።
በረካ ሲጠጣ ትዝታ ይወስዳል፣ ከዛ በኋላ እሱ ራሱ ሰውየው ነኝ ብሎ ያምናል።

ባለቤቱ አይሞትም። በረካው ሲያልቅ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ ጭራቁ መልኩን እስኪለቅ አይነቃም፣ ጓዳ ውስጥ ጋቢ ተሸፍኖ ይገኛል። አትግደሉት፣ ሚድን ሰው ካለ ፕሌየሮቹ ይሮጣሉ፣ ከሞተ ግን ቁጭ ብለው ፕላን ያወራሉ።

ዋናው ጥቅሙ መሃል ላይ ሲቋረጥ ነው። ቶና ላይ ተቋርጦ የተነሳ ያልተረዳ ፊቱ የእድር ዳኛው ነው ግን የልጁን ስም አያውቅም። አቦል ላይ ተቋርጦ የተነሳው ድምጽ ብቻ ነው ያለው፣ ጨለማ ውስጥ ከበር ውጪ ሆኖ ይጣራል። አንድ ህግ ጽፋችሁ ሶስት አይነት ፍርሃት አገኛችሁ።

ደረጃ 4፦ ሶስት ምልክት ስጡት፣ ዳይስ ሳያስወረውር ሚታይ

ብዙዎቻችሁ ምትወድቁት እዚህ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የተለመደው ስህተት። ዲኤሙ (ጌሙን ሚያጫውተው) «ሁላችሁም ፐርሴፕሽን ወርውሩ» ይላል፣ ማስተዋላችሁን በዳይስ ፈትኑ ማለት ነው፣ ዲሲው (ለማለፍ ሚያስፈልገው ቁጥር) 15፣ ከባድ መስሎታል። ዳይሱ ላይ ፕላስ 3 ሚደመርለት ሰው 12 እና ከዛ በላይ ካወጣ ያልፋል፣ 45 በመቶ ነው። አራቱም ሲወረውሩ ግን ቢያንስ አንዱ የማለፍ እድሉ 91 በመቶ ይደርሳል። ማለትም ምስጢሩን በዛች ደቂቃ ሰጣችኋቸው። ሲያጡት ደግሞ ይብሳል፣ መወርወራቸው ራሱ የሆነ ነገር እንዳለ ስለነገራቸው ቀሪውን ማታ ሁሉንም ሰው እየጠረጠሩ ይውላሉ።

ስለዚህ ምልክቱን ለዳይስ አትተዉት። ሁሌም አለ፣ ሁሌም ትናገሩታላችሁ፣ ማስተዋሉ የነሱ ነው። የኛ ጭራቅ ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

ትንፋሹ። ሬሳ ስለሆነ ትንፋሹ አይሞቅም፣ ብርድ ላይ አፉ እንፋሎት አያወጣም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች በጥቅምትና በህዳር ጠዋት የሁላችንም አፍ ሲጨስ ነው ሚታየው፣ ስለዚህ ደጋው ከተማ ላይ ይሄ ምልክት ይሰራል። ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ነው ያለችው፣ ሙቀት ናት፣ እዛ ብዙውን ጊዜ የማንም አፍ አይጨስም። ታሪካችሁ ላይ ደጋ ከተማና ቆላ ከተማ አርጉ፣ ሲነቃበት ወደ ቆላው ይውረድ። ፕሌየሮቹ ሚያውቁበት ምልክት እዛ አይሰራላቸውም፣ ሌላ መፈለግ አለባቸው።

አጠጣጡ። ቡናው ከጀበናው እንደወረደ፣ እፍ ሳይል፣ በአንዴ ይጠጣዋል። ይሄ ደጋም ቆላም ይሰራል።

ጋቢው። የሞተው ጉም ውስጥ ስለሆነ የጋቢው ጠርዝ ሁሌ እርጥብ ነው፣ እሳት ዳር ተቀምጦም አይደርቅም።

አነጋገሩን ተለማመዱ። «እሱ እፍ አላለም» ካላችሁ ጣታችሁን ነው የቀሰራችሁት። ሌሎቹን ዘርዝሩና እሱን እለፉት። እኔ ምለው እንዲህ ነው፦ «እናትየዋ ስኒውን በሁለት እጇ ይዛ እፍ እፍ ትላለች፣ ልጅየው ቸኩሎ ምላሱን ተቃጠለ፣ የእድር ዳኛው ባዶውን ስኒ ረከቦቱ ላይ መልሶ ስለ ጨው ዋጋ ይጠይቃችኋል።» በቃ፣ ከዚህ በላይ አትጨምሩ።

አንድ ጊዜ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ስንጫወት መብራት ጠፋ፣ በሻማ ቀጠልን፣ እናቱ የእውነት ቡና እያፈሉ ነበር። ይቺን አረፍተ ነገር ሁለተኛ ጊዜ ስላት አንዱ ፕሌየር ስኒውን አፉጋ አድርሶ እፍ ሊል ሲል ቆመ። ስኒውን አስቀመጠ። «ቆይ፣ ሰውዬው እኮ እፍ አላለም» አለ፣ ከዛ ለረጅም ጊዜ ማንም አላወራም። ዳይስ አልተወረወረም። ምልክት ማለት እንዲህ ነው ሚሰራው።

ከተበላሸ፦ ሶስት ጊዜ ተናግራችሁ ማንም ካልነቃ ምልክቱን አታጉሉት፣ ቀይሩት። አንድ ህጻን ልጅ «አባባ ጋቢህ ለምን አይደርቅም?» ብሎ ይጠይቅ። በመጀመሪያው ከነቁ ደግሞ አትካዱ፣ ልክ ናቸው፣ ወደ ደረጃ 7 ዝለሉ።

ደረጃ 5፦ በፕሌየሮቹ አስማት ፈትኑት

መጀመሪያ የሰራሁት መልክ ቀያሪ ሙት የሞተው በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው፣ ፓላዲኑ (ቅዱስ ተዋጊ የሆነው ካራክተር) በር ላይ ቆሞ ዲቫይን ሴንስ ተጠቀመ፣ አለቀ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ እኔ ነኝ ሺቱን ያላየሁት። ስለዚህ ካራክተር ሺቶቹን አውጡና አንድ በአንድ እለፉባቸው።

ዲቫይን ሴንስ፣ ፓላዲን ከሌቭል 1 ጀምሮ አለው። በ60 ጫማ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያልተከለለ አንዴድ (ሞቶ የተነሳ ፍጡር) የት እንዳለ ያውቃል። ዲቴክት ኢቭል ኤንድ ጉድ ሚባለው አስማት ደግሞ በ30 ጫማ ተመሳሳይ ነገር ይነግራል። እነዚህን «በሱ ላይ አይሰሩም» ብላችሁ አትዝጉ፣ ፕሌየሩ ያንን ካራክተር የመረጠው ለዚህ ቀን ነው። ሁኔታ አስቀምጡለት፦ በረካ የጠጣ ቀን እስከሚቀጥለው ጎህ እንደ ህያው ይነበባል፣ ካልጠጣ አንዴድነቱ ይታያል። አሁን ፓላዲኑ ሚሰራው አለው፣ ቡናውን ማስቀረት ወይ ጎህ መጠበቅ።

ዞን ኦፍ ትሩዝ ሚባለው አስማት ሚከለክለው ሆን ተብሎ ሚነገርን ውሸት ነው። ያልተረዳው መሞቱን አያውቅም፣ «ሞተሃል?» ሲባል «አልሞትኩም» ይላል፣ አልዋሸም። በረካ ከጠጣ «እድር ዳኛው ነህ?» ሲባልም «አዎ» ይላል፣ አምኖበት ነው። በቶና ከተነሳ ግን ስለማያምንበት ወሬ ያስቀይራል፣ መልስ ይሸሻል፣ ይሄ ራሱ ምልክት ነው። ኢንሳይትም (የሰውን ልብ ለማንበብ ሚወረወረው) እንዲሁ ነው፣ በረካ ከጠጣ በኋላ ፕሌየሩ 25 ቢያመጣም «ከልቡ ነው ሚያወራው» በሉት፣ ግን ባዶ እጁን አትስደዱት፣ «ከልቡ ነው፣ ጋቢው ግን ውሃ ያንጠባጥባል» በሉት።

ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ካላችሁ ሙንቢም፣ የጨረቃ ብርሃን አስማት፣ ይመጣል። ሼፕቼንጀር (መልክ ቀያሪ) የሆነ ፍጡር ሴቪንግ ስሮው (አስማቱን ለመቋቋም ሚወረወረውን) ሚወረውረው በዲስአድቫንቴጅ ነው፣ ሁለቴ ወርውሮ ትንሹን ይይዛል፣ ከወደቀ ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። ይስራ፣ ጨረቃ ብርሃን ውስጥ የበቅሎ ነጂው ፊት ሲወጣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ።

ተርን አንዴድ (አንዴዶችን ሚያባርር ጸሎት) ላይ ከወደቀ ይሸሻል፣ ለአንድ ደቂቃ ወይም እስኪጎዳ ድረስ። ሽሽቱን ቁልቁል ወደ ቆላው ከተማ አርጉት፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እዛ ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሮቹ

ቻሌንጅ ሬቲንግ (የጭራቁ ክብደት) 4። ኤሲ (እሱን ለመምታት ሚያስፈልገው ቁጥር) 14፣ ኤችፒ (እስኪወድቅ ሚችለው ጉዳት) 120፣ ለመምታት ፕላስ 5፣ ዲሲ 14። በአንድ ተራ ሁለቴ ይመታል፣ እያንዳንዱ ሁለት ባለ 10 ጎን ዳይስ ሲደመር 3፣ በአማካይ 14፣ ሁለቱ 28። ለአራት ሌቭል 4 ሰው መካከለኛ ውጊያ ነው።

ኖርማል መሳሪያ በግማሽ ብቻ ይጎዳው ብላችሁ ሬዚስታንስ ከጨመራችሁ በዚህ ቻሌንጅ ሬቲንግ ኤችፒው እጥፍ ሆኖ ነው ሚቆጠረው፣ ስለዚህ 120ውን ወደ 60 አውርዱ። ሁለቱንም አንድ ላይ ሰጥታችሁት ውጊያው ሁለት ሰዓት የፈጀባችሁ ልጆች አውቃለሁ።

ኤችፒው ዜሮ ሲገባ አይሞትም፣ ጉም ሆኖ ይበተናል፣ በማግስቱ ማታ ከገደሉ ስር ይነሳል። ይሄን አንዴ ካዩ በኋላ ግን እንዴት እንደሚያልቅ ሚነግራቸው ሰው ወዲያው አስገቡ፣ ሁለተኛ ጊዜ ተነስቶ ምክንያቱን ካላወቁ ይሰለቻሉ።

ደረጃ 7፦ ጠረጴዛ ላይ ቅደም ተከተሉ

1. ቤቱን አሳዩ። ቡና፣ ያልተጠጣ አንድ ስኒ፣ «የማን ነው?» ሲሉ «የልጄ፣ መንገድ ላይ ነው» ሚል መልስ።
2. አንድ ሰው ይጥፋ፣ ግን ፕሌየሮቹ ትናንት ያወሩት ሰው ይሁን።
3. የጠፋው ሰው ጤነኛ ሆኖ ይመለስ። ምልክቶቹን እዚህ ጀምሩ።
4. ጎህ ሲቀድ በሩቅ የማያውቁትን ፊት ይዩ።
5. ጓዳ የተኛውን ሰው ያግኙ።
6. ውጊያ፣ ጉም፣ ሽሽት።

ደብተራችሁ ላይ የመልክ መዝገብ ያዙ፣ አራት አምድ፦ ሰዓት፣ የማን መልክ፣ ስንተኛ ስኒ፣ ማን አየው። በሁለተኛው ሴሽን እናንተው ትረሳላችሁ፣ አንዴ ከረሳችሁ ምልክቱ ይሳሳታል፣ ፕሌየሩ በትክክል አስቦ ይሳሳታል፣ ከዛ በኋላ አያምናችሁም።

የፕሌየር ካራክተር መልክ እንዲወስድ ከፈለጋችሁ ልጁን አስቀድማችሁ ለብቻው አስፈቅዱት። እሺ ካለ ራሱ ይጫወተው፣ እፍ ሳይል መጠጣቱን ብቻ ንገሩት።

ከተበላሸ፦ ፕሌየሮቹ ንጹህ ሰው ላይ ሰይፍ ከመዘዙ አትቅጡ፣ አፉ በፍርሃት ሲጨስ ንገሯቸው። ያቆማሉ።

ደረጃ 8፦ ማረድ

እዚህ ማረድ ማለት መርዶ ማረድ ነው። ሚያልቀው በሰይፍ አይደለም። ፕሌየሮቹ ገደሉ ስር ወርደው አንድ ሚታወቅ እቃ ያገኛሉ፣ የበቅሎዋን ቃጭል በሉት፣ ከዛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እቤቱ ሄደው ለእናትየው ያረዳሉ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ እየሰማ። ስሙ ሲጠራ የራሱ ፊት ይመለሳል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደፉን ይሻገራል፣ እዛው ይወድቃል። እዚህጋ ፐርስዌዥን (የማሳመን ዳይስ) አታስወርውሩ። ቃሉን ፕሌየሩ ራሱ ይበለው፣ ቢንተባተብም፣ ሁለት ቃል ብቻ ቢወጣውም ይበቃል።

ማንም መናገር ካቃተው ጎረቤት ሽማግሌ አስገቡና «ልጆች፣ ማን ነው ሚናገረው?» ብሎ ይጠይቅ፣ ከዛ ዝም በሉ። አትቸኩሉ፣ አንዱ ይጀምራል። እንባ ከመጣ ጌሙን አቁሙ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ ውሃ አምጡ፣ ልጆቹ ትንሽ ይቀመጡ፣ የቀረውን ሳምንት ትጨርሱታላችሁ።